ተባብሮ መምራት በልምምድ ይገኛል ወይ? ከጅማ የተነሣ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ጥያቄውን ካነሣሁ 2 ሳምንት ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 22 ምላሾች ገብተዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ኋላ እየተመለሱ ለቀደሙት መልስ የሚሰጡ ናቸው። ስለዚህ ዘግይቶ የሚገባ ሰው የውይይቱ ክር እንዳይጠፋበት የእያንዳንዱን ሐሳብ በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የጸሐፊዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። የተስማማሁበትንም ሆነ ያልተስማማሁበትን ግን አልደብቅም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ጅማና አካባቢዋ በሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኃላፊነት ላይ ያለን ሰዎች ስለ ቅንጅታዊ አሠራር በየስብሰባው ሰምተናል፣ በየዕቅዱ ጽፈናል፣ በየሪፖርቱም ቀላል በማይባል ቦታ አስፍረናል። ታዲያ ሥራው መሬት ላይ ሲደርስ ቅንጅቱ የሚጠፋው ለምንድን ነው? የእኔ መልስ፣ የሚጠፋው ሰዉ ክፉ ወይም ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን አንድም ቀን ተለማምዶት ስለማያውቅ ነው የሚል ነበር። አብራሪ መንገደኛ ይዞ ከመነሣቱ በፊት በምስለ በረራ ክፍል ውስጥ ሞተር ሲጠፋበት፣ ጭስ ሲነሣበት፣ ማረፊያው በጭጋግ ሲሸፈንበት ደጋግሞ ይለማመዳል። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በስሙ የሚጠራውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1929 ከሠራ ወዲህ ነገሩ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ዛሬ የእኛም አየር መንገድ አዲስ አበባ ላይ በምስለ በረራ ያሠለጥናል። የመንግሥት ኃላፊ ግን የሹመት ደብዳቤውን በተቀበለ ማግስት የአንድ ከተማ ውሃ ወይም የአንድ ወረዳ ጤና ይረከባል፤ ስሕተቱንም የሚማረው በሰው ኑሮ ላይ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ የተሳተፍኩበት የአንድ ቀን የጠረጴዛ ላይ ልምምድ ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ 5 ጠረጴዛዎች ተቀመጡ፤ ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ የታሸገ ፖስታ ተሰጠ። ታሪኩ የታሰበው በክረምት ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የጀመረ ዝናብ አዌቱን ከአፋፉ አስወጥቶ በወንዙ ዳር ያሉ ቤቶችን አጥለቅልቋል። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስለ ሆነች ሁላችንም ነገሩን ለመገመት አልተቸገርንም። እኔ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። በፖስታችን ውስጥ ዋናው የውሃ መስመር መሰበሩ፣ ጥገናው 2 ቀን እንደሚፈጅ፣ በመጋዘናችን ለ4 ቀን የሚበቃ ክሎሪን መኖሩና የምናጓጉዝበት መኪና ግን መበላሸቱ ተጽፎ ነበር። በጤና ጠረጴዛ ፖስታ ውስጥ ደግሞ፣ ኋላ እንደተረዳነው፣ 3 የተቅማጥ ሕሙማን መምጣታቸው፣ ክሎሪን አለመኖሩና አንድ መኪና ነዳጅ ተሞልቶ ያለ ሥራ መቆሙ ሰፍሯል።

እኔ ለዚህ ታሪክ በተሰጡን 50 ደቂቃዎች ምን አደረግኩ? ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ ብዬ ጀመርኩ፤ ግልባጭ ለማን ለማን እንደሚደረግ ከጎኔ ካለው ባልደረባዬ ጋር ተከራከርኩ፤ ሁለተኛውን አንቀጽ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። የልምምዱ መሪ በየ10 ደቂቃው አዲስ ካርድ እያመጣ በየጠረጴዛው ያስቀምጥ ነበር፤ የሕሙማኑ ቁጥር ከ3 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 26 ወጣ። የጤናው ጠረጴዛ ሰብሳቢ በሠፈር የማውቀው፣ ምሳ ከአንድ ገበታ የምንበላ ሰው ነው። ወንበሩ ከወንበሬ ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለ ነበር ዘወር ብል ትከሻውን እነካዋለሁ። ዘወር አላልኩም። ልምምዱ ሲያበቃ መሪው የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማንን ፈቃድ እየጠበቃችሁ ነበር? እኔ የኃላፊዬን አልኩ። ኃላፊዬ ማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበርና ፈቃዱን እየጠበቅኩ መሆኔን ፈጽሞ እንዳላወቀ፣ ቢያውቅም ለእንዲህ ያለ ነገር ፈቃድ እንደማያስፈልግ ተናገረ። 14 ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ስቆይ ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው በኃላፊነት ከመቀመጡ በፊት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሰዎች ጋር እንዲህ ያለውን የማስመሰል ልምምድ ቢያንስ አንዴ እንዲያልፍ ቢደረግ ምን ትላላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ለማስረጃም አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ከካትሪና አውሎ ነፋስ በፊት የተደረገውን «ሐሪኬን ፓም» የተባለ ልምምድ ጠቀስኩ።

ምላሾቹ

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንዲት የጤና ባለሙያ ነው። በትሕትና አመስግነው ሐሳቡን ደገፉ፤ ነገር ግን ያ 50 ደቂቃ ከእውነቱ ይልቅ በጣም ያማረ መሆኑን አስገነዘቡ። በእውነተኛው ቢሮ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በመዝገብ ቤት ወጪ ሆኖ በእጅ እስኪደርስ 3 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ኮሌራ ደግሞ በተበከለ ውሃ ወደ ሰው ከገባ ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክቱን ያሳያል። ደብዳቤው ሲደርስ በሽታው ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። አያይዘውም የዓለም ጤና ድርጅት ልምምዶችን በ4 እንደሚከፍላቸው አስረዱ። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ውይይት፣ አንድን ተግባር ብቻ የሚፈትን ድሪል፣ የማዘዣ ማዕከሉን የሚፈትን የተግባር ልምምድ፣ በመጨረሻም መኪናውም ሰዉም በእውን የሚንቀሳቀስበት ሙሉ ልምምድ አሉ። ለእኛ ከተማ የመጀመሪያው ይበቃል፣ ወጪውም የወረቀት ነው አሉ።

ምላሽ 2። እኔን ለማረም የመጣ ነው፤ እርማቱም ትክክል ነበር። ሐሪኬን ፓምን እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገ አስመስዬ ጽፌ ነበር። ልምምዱ የተካሄደው ግን በሐምሌ 2004፣ ካትሪና ከመድረሷ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ከ250 በላይ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ለ5 ቀን ተቀምጠው ኒው ኦርሊየንስ በውሃ ብትዋጥ ምን እንደሚደረግ ሠርተዋል። ሰው ከከተማ የሚወጣበት የመጓጓዣ ዕቅድ ግን ሳያልቅ ቀረ፤ ቀጣዩ ስብሰባም ለተሳታፊዎች ጉዞ የሚሆን ገንዘብ በመታጣቱ ተላለፈ። ጸሐፊው፣ ለልምምድ መከራከሪያ ብለህ ያመጣኸው ምሳሌ ቀጣይ ሥራ የሌለው ልምምድ ከንቱ መሆኑን የሚያሳይ ነው ሲሉ ጨረሱ። ዓመቱን አስተካክያለሁ፤ ነጥቡንም ተቀብያለሁ።

ከ3ኛው እስከ 5ኛው ያሉት ምላሾች በቃል አጠራር ላይ ነበሩ። 3ኛው ጸሐፊ «የማስመሰል ልምምድ» ማለቴን አልወደዱትም። በአማርኛ ማስመሰል የሚለው ቃል ግብዝነትን ስለሚያስታውስ፣ አስመሳይ ለመባል የሚሰለጥን ኃላፊ አይኖርም አሉ። 4ኛው፣ ምስለ በረራ እንደሚባለው ሁሉ ምስለ ሁነት እንበለው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። 5ኛው ደግሞ ሲሙሌሽን የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከቃሉ ይልቅ መጻፊያ ቋንቋው ያሳስበኛል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ፖስታውና ካርዱ በእሱ ካልተዘጋጁ ግማሹ ተሳታፊ እንግዳ ይሆናል ብለው ጻፉ። የመጨረሻው ነገር ከቃል ክርክሩ በላይ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ ልምምድ ወይም ሲሙሌሽን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ምላሽ 6። ክሩ እዚህ ላይ መረረ። ጸሐፊው ቢ.ፒ.አር. (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) ሲመጣ ሠልጥነናል፣ ቢ.ኤስ.ሲ. (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና) ሲመጣ ሠልጥነናል፣ ካይዘን (የጃፓኑ የማያቋርጥ መሻሻል ዘዴ) ሲመጣም ሠልጥነናል፤ ሁሉም ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በአበል ተጀምሮ በቡድን ፎቶግራፍ አልቋል አሉ። ሲሙሌሽን የተባለውም ለአዲስ አበል አዲስ ስም ነው፤ ጥያቄውን ያነሣው ሰውም የፕሮጀክት ገንዘብ ሳይሸተው አልቀረም ሲሉ እኔን በቀጥታ ነኩኝ።

ምላሽ 7 የእኔ ነው። በወቀሳው ውስጥ ያለውን እውነት አልካድኩም፤ እኔም በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ አለሁ። የተሳተፍኩበት ልምምድ ግን በመሥሪያ ቤት አዳራሽ የተደረገ፣ አበል ያልተከፈለበት፣ ወጪው ወረቀት፣ ፖስታና ማርከር ብቻ የሆነ፣ ምሳውንም በየኪሳችን የበላንበት መሆኑን አስረዳሁ። አበል ከሌለ አይመጡም የሚል ካለ፣ ማን እንዳልመጣ ማወቁም አንድ ውጤት ነው ብዬ አከልኩ።

ምላሽ 8። በክሩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ጸሐፊው የዕቅድና በጀት ባለሙያ መሆናቸውን ገልጸው፣ መነሻዬ ስሕተት ነው አሉ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚመዘነው በራሱ ዕቅድ አፈጻጸም ነው። መኪናውን ለሌላው ያዋሰ ኃላፊ በዓመቱ መጨረሻ የራሱ ሥራ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ያዋለበት ነዳጅ ከሌላ የበጀት ርዕስ ላይ ወጪ ሆኖ ስለሚገኝ ኦዲተር ይጠይቀዋል፤ መኪናው ቢጋጭ ደግሞ ዕዳው የእሱ ነው። ሰውየው ዘወር ብሎ የጎረቤቱን ትከሻ ያልነካው ልምምድ ስለሌለው ሳይሆን አስቦበት ነው፤ ሳያስበው እንኳ እጁ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ልምምድ ብታስገቡት ለአንድ ቀን ደግ ይሆንና ሰኞ ጠዋት ወደ ሕጉ ይመለሳል ሲሉ ደመደሙ።

ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኘሁም። ከ2 ቀን በኋላ የጻፍኩት፣ ሕጉ ይከለክላል ብለን ከምናምነው ውስጥ ምን ያህሉን በእርግጥ እንደሚከለክል የሚታወቀው ሁላችንም በአንድ ክፍል ሆነን ስንሞክረው ነው የሚል ነበር። የእኔ ኃላፊ ፈቃድ አያስፈልግም ያለው ነገር ለእኔ 14 ዓመት ሙሉ ክልክል ነበረ። በእውነት የተከለከለው ግን፣ ጸሐፊው እንዳሉት፣ በልምምድ አይነሣም።

ምላሽ 9። ጡረታ የወጡ አስተዳዳሪ ልጄ እያሉ ጻፉልኝ። ስሙን መጥቀስ ባልፈለጉት አንድ ከተማ ሲሠሩ፣ አስፋልት በለበሰ በ3ኛው ወር መንገዱ ለውሃ ቧንቧ ተቆፈረ፤ ተደፍኖ ሳይደርቅ ለስልክ መስመር እንደገና ተቆፈረ። ነገሩን ሲያጣሩ የሦስቱም ሥራዎች ዕቅድ ከአንድ ዓመት በፊት በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በ3 የተለያዩ ቁም ሣጥኖች ተቀምጦ አገኙት። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አንጥፈው ሲያዩ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። በ8ኛው ምላሽ ላይም መፍትሔ ጨመሩ፤ ችግሩ ምዘናና ኦዲት ከሆነ መዛኙንና ኦዲተሩን 6ኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው፤ መኪናው ሲጠየቅ ምን ብለው እንደሚመልሱ እዚያው ይታያል አሉ። 8ኛው ጸሐፊ ይህን አይተው በአጭሩ፣ እንዲህ ከሆነ እኔም እመጣለሁ ሲሉ ጻፉ። ይህ 10ኛው ምላሽ ሆኖ ተመዝግቧል።

ምላሽ 11። አንድ ወጣት፣ መሪን አስቀድሞ ማለማመድ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም ሲል ጻፈ። በገዳ ሥርዓት ሰው በየ8 ዓመቱ ደረጃ እየተሸጋገረ ይማራል፤ የሚመሩትም ሥልጣኑን ከመረከባቸው በፊት በየደረጃው ሲለማመዱ ይቆያሉ፤ ዩኔስኮም ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2016 መዝግቦታል አለ። ምላሽ 12 ጠንከር ባለ ቃል ተነሣበት፤ የጅማ ታሪክ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የሚታየው የንጉሥ አባ ጅፋር ታሪክ ነው፣ እዚህ የነበረው ንጉሣዊ አገዛዝ ነው፣ ነገሩን አታደባልቀው አሉት። ከዚያ የተጻፉት መስመሮች ከጉዳያችን እየራቁ ስለ ሄዱ ሁለቱንም በአክብሮት ለሌላ ክር አቆይተውት እንዲመለሱ ጠየቅኩ። የወጣቱን ነጥብ ግን መጣል አይገባም። የጅማ መንግሥት በንጉሥ መመራቱ፣ በኦሮሞ ዘንድ ከሥልጣን በፊት ረጅም ልምምድ የሚጠይቅ ሥርዓት መኖሩን አያስቀረውም።

ምላሽ 13። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የጅማ ዩኒቨርሲቲን የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት አስታወሱ። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ የጤና ጣቢያዎች አብረው የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና አለ። ሐኪሙ የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ሥራ የሚያውቀው መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ አጠገብ አብረው ቆመው ነው። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ኃላፊዎችንም በወረቀት ከማጫወት በእውነተኛ ሥራ ላይ በቡድን አሰማሯቸው አሉ።

ምላሽ 14 በዚያው ሥልጠና ያለፈ አንድ የቀድሞ ተማሪ የጻፈው ነው። መምህሩን በአክብሮት እየደገፈ፣ በእውነተኛው ሥራ ላይ አንድ የማይፈቀድ ነገር አለ፣ እሱም መውደቅ ነው አለ። ሕመምተኛ ፊት እያለ ተማሪው እንዲሳሳት ዝም ብሎ የሚያይ መምህር የለም፤ ልምምድ ግን 26 ሰው በካርድ ላይ እንዲታመም ይፈቅዳል፤ ካርዱም ተሰብስቦ እንደገና ይጀመራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ልምምዱ ቀድሞ ሥራው ተከታይ መሆን አለበት ሲል ጨረሰ። እኔም ከዚህ የተሻለ አላልኩም።

ምላሽ 15። ሥራ አመራር የሚያስተምሩ ሰው፣ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ የጄይ ፎረስተር ቡድን የሠራውን የአቅርቦት ጨዋታ ነገሩን። 4 ተጫዋቾች አሉ፤ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ። እርስ በርስ መነጋገር ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ የሚያየው ከፊቱ ካለው የመጣለትን ትእዛዝ ብቻ ነው። የገዢው ፍላጎት በጥቂቱ ከፍ ሲል ቸርቻሪው ደንግጦ ጨምሮ ያዛል፣ ጅምላ ሻጩ ከዚያ የበለጠ፣ ፋብሪካው ከሁሉ የበለጠ፤ መጀመሪያ እጥረት፣ ቀጥሎ መጋዘን የሚሞላ ትርፍ ይመጣል። ሁሉም ሌላውን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛ ግን የለም። እኚህ ሰው በስኳር ቀይረው ተማሪዎቻቸውን እንደሚያጫውቱበት፣ የመርካቶ ነጋዴ ልጆች ከሁሉ ቀድመው እንደሚገባቸው ጽፈዋል። በግማሽ ቀን የሚያልቅ በመሆኑ ለጀማሪ ከአዌቱ ታሪክ በፊት ይህን ማስቀደም ሳይሻል አይቀርም።

ምላሽ 16። አንድ ጸሐፊ፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሙሉ የአደጋ ልምምድ በየዓመቱ እንዲያደርጉ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያስገድዳል፤ በዚያም የከተማው እሳት አደጋ፣ ሆስፒታልና ፖሊስ ይሳተፋሉ አሉ። ምላሽ 17 አረማቸው፤ የሚያስገድደው ከ2 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግዴታ ሲሆን እንደሚደረግ ታይቷል፤ ለፍላጎት ሲተው ግን አንዴ ተደርጎ ይረሳል።

ምላሽ 18። ስለ ማጠቃለያው ውይይት የተነሣው እዚህ ነው። የልምምዱ ትምህርት ያለው በመጨረሻው ሰዓት፣ ተሳታፊዎች ምን እንዳደረጉና ለምን እንዳደረጉ ሲናገሩ መሆኑን ሁላችንም እንስማማለን። ጸሐፊው ግን፣ በእኛ አገር ይህ ሰዓት ግምገማ ይባላል፤ ግምገማ ደግሞ ሰው ስሕተቱን የሚደብቅበት፣ የሌላውን የሚያወጣበት፣ የተጻፈው ነገር ከዓመታት በኋላ የሚነሣበት መድረክ ሆኖ ኖሯል አሉ። በዚያ መንፈስ ከተገባ፣ ዘወር አላልኩም ብሎ የሚናገር ሰው አይገኝም። ያቀረቡት መላ 3 ነገሮች አሉት። በቃለ ጉባኤው የሰው ስም አይጻፍ፣ የጠረጴዛ ስም ብቻ ይጻፍ። የበላይ ኃላፊው ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ስሕተት ይናገር። የልምምዱ ወረቀት በማንም የሥራ አፈጻጸም ማኅደር ውስጥ አይግባ።

ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የእኔ ኃላፊ በዚያ ቀን የእኔን መጠበቅ አላወቅኩም ብሎ በሁሉ ፊት ባይናገር ኖሮ እኔም ደብዳቤዬን ደብቄ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ምላሽ 19። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በመጠኑ በቁጣ ጻፉ፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነርሱ ሆነው ሳለ በ5ቱ ጠረጴዛዎች ላይ አንድም የቀበሌ ሰው እንዳልነበረ አስተውለዋል። ውሃው ቀለሙን መቀየሩን መጀመሪያ የሚያውቀው ጉድጓዱ ላይ የቆመች ሴት ናት፤ ማን ቤት ሰው እንደተኛ የሚያውቀው ዕድሩ ነው። እናንተ ግን ፖስታውን ከቢሮ ጀመራችሁት፤ እኛ ብንጠራም በግድግዳ ዳር ታዛቢ ሆነን እንቀመጣለን አሉ። ስለ ትብብር በተጻፈው የመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ ይህን አለማየቴ አሳዝኖኛል። የመጀመሪያው ፖስታ ከቀበሌ ጠረጴዛ እንዲነሣ፣ ዕድር የሚመራ ሰውም እንዲቀመጥበት ተስማምተናል።

ምላሽ 20። 6ኛው ጸሐፊ ተመለሱ። ቃላቸው ለስልሶ ነበር፤ ጥርጣሬያቸው ግን አልሄደም። የምትሉት ሁሉ ቢደረግ ኃላፊው ተወካይ ይልካል፣ ተወካዩ ደግሞ እመካከራለሁ ከማለት በቀር መወሰን አይችልም አሉ። ምላሽ 21 ለዚህ የሰጡት መልስ ብዙዎቻችንን አስደስቷል፤ ተወካይ አይተካ፣ ኃላፊው ካልመጣ ጠረጴዛው ባዶውን ይቀመጥ፣ ፖስታውም ሳይከፈት በላዩ ይደር። ሌሎቹ ክሎሪን ወይም መኪና ፈልገው ወደዚያ ሲሄዱ ባዶ ወንበር ያገኛሉ። እኚሁ ሰው የብሪታንያን «ሲግነስ» ልምምድ ጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢመጣ አገሪቱ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነች ተፈትኖ ዝግጅቱ በቂ አለመሆኑ ተጽፏል፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ የወጣው ግን ኮሮና ከገባ በኋላ በ2020 ነው። ስለዚህ ከልምምዱ የተገኘው እያንዳንዱ ጉድለት የሚያስተካክለው ጠረጴዛና ቀን ተጽፎበት በቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቀጣዩ ልምምድም የሚጀምረው ያንን ወረቀት በማንበብ ይሁን አሉ። ከ18ኛው ምላሽ ጋር ይጋጫል ወይ ብዬ አሰብኩ፤ አይጋጭም። የሚለጠፈው ጉድለቱ ነው፤ ሰውየው አይደለም።

ምላሽ 22። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንደገና ጻፉ፤ አሁን ቁጣ የለም፣ ሥራ ነው። የአዌቱን ታሪክ አንብበው ያላመኑበትን ነገሩን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲያ ሲዘንብ መብራት ይጠፋል፣ የብዙ ሰው ስልክም ባትሪው ያልቃል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አይደውልም። ክሎሪኑ በመጋዘን አለ ብላችኋል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው የት ነው የሚያድረው ብለው ጠየቁ። በእኔ ፖስታ ውስጥ ይህ አልነበረም፤ በሥራ ቦታዬም ቢሆን ጠይቄ አላውቅም። በማግስቱ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ጠየቅኩት። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ማታ ይዞት ይሄዳል፤ ቤቱም ከድልድዩ ማዶ ነው። ካርዱን ጽፌዋለሁ፤ በሚቀጥለው ልምምድ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።